ያለ ፈቃድ የሚይዝ ፍሬን

ለተከበሩ የተሽከርካሪ ምርመራ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ሰንብተዋል እያልሁ፣ የእርስዎም፣ የቤተሰብዎም፣ ቀለሙ ደርቆ የማያውቀው ማኅተምዎም ጤና እንዲበዛ እመኛለሁ። እኔ ባሏ የሞተባት፣ ስድሳ ዓመት የተጠጋት፣ አንዲት አሮጌ ሰማያዊ መኪና ያላት ሴት ነኝ። ባለፈው ሳምንት በግቢዎ ውስጥ ሦስት ጠዋት ተሰልፌ ነበርና ምናልባት በመስኮትዎ አይተውኝ ይሆናል፤ መጽሐፍ ይዛ የቆመችው እኔ ነኝ። ጽሕፈት ቤትዎ በመኪናዬ ፍሬን ጉዳይ ስላደረገልኝ እንክብካቤ ምስጋናዬን በተራ በተራ እንዳቀርብ ይፍቀዱልኝ።

አንደኛ፣ ፈቃድ ያላቸውን ጋራዦች ዝርዝር በግድግዳዎ ላይ በትልልቅ ፊደል ስለለጠፉልን አመሰግናለሁ። የመኪናዬ የኋላ ጎማ ብረት ከብረት ጋር የሚፋጭ ድምፅ ማሰማት ሲጀምር፣ ራሴ ልሥራው ወይስ ለባለሙያ ልስጠው እያልሁ ሁለት ቀን ሳወጣ ሳወርድ ሰነበትሁ። የባለቤቴ ወንድም «በስተርጅና መካኒክ መሆን አማረሽ? ለሚያውቀው ስጪው» ስላለኝ ከዝርዝርዎ የመጀመሪያውን መረጥሁ። ባለጋራዡ ስልኩን ከጆሮው ሳያነሣ የመኪናዬን ጣሪያ በመዳፉ ሁለት ጊዜ መታ መታ አድርጎ በሽታዋን ዐወቀላት። በዘጠነኛው ቀን «አልቋል ማዘር» ብሎ የፍሬን ሸራዎቹ በሙሉ በአዲስ መቀየራቸውን የሚመሰክር ባለማኅተም ወረቀት ሰጠኝ፤ ግልባጩንም ለእርስዎ ላከ። ጎንበስ ብዬ ሳይ ሸረሪት ከኋላ ጎማው ቡሎን እስከ ጭቃ መከላከያው ድረስ ድሯን ዘርግታለች። ድር ሳይበጥስ ጎማ ፈትቶ፣ ሸራ ቀይሮ፣ መልሶ የሚገጥም እጅ በእውነቱ ፈቃድ ይገባዋል።

ሁለተኛ፣ በዚሁ ምክንያት ከባለቤቴ መሳቢያ የጥገና መጽሐፉን ስላስወጡኝ አመሰግናለሁ። እኔ ፊደል የቆጠርሁት ልጄ ስታጠና ከጎኗ ሽንኩርት እየላጥሁ ስለሆነ ቀስ ብዬ ነው የማነበው። የፍሬኑን ምዕራፍ አራት ጊዜ አነበብሁ፤ አዲስ ሸራም ገዛሁ። መኪናዋን ሜዳ ላይ አቁሜ፣ ጎማዎቿ ሥር ድንጋይ አድርጌ፣ በክሪክ አነሣኋት። የፈታሁትን ቡሎን ሁሉ በማቀዝቀዣው የበረዶ መሥሪያ ጉድጓዶች ውስጥ በየተራው ደረደርሁ፤ በእነዚያ ሁለት ቀናት በቤታችን ቀዝቃዛ ውኃ ባይጠጣም ቡሎን ሁሉ መኝታውን ያውቅ ነበር። በሳምንት ሁለት ቀን በቁልቁለቱ ወደ ሕክምና የማመላልሳት ታላቅ እህቴ በረንዳው ላይ እግሯን ዘርግታ ተቀምጣ «ብቻ አንድ ቡሎን እንዳይተርፍሽ፤ የምሳፈረው እኔ ነኝ» ትለኝ ነበር። በሁለተኛው ቀን ጨረስሁ። ምንም አልተረፈኝም።

ሦስተኛ፣ በመመርመሪያው ማሽን ላይ ባትሪ ይዞ የሚሠራውን ባለሙያዎን አመሰግናለሁ። አራቱም ጎማ እኩል መያዙን አይቶ፣ ሥሩ ገብቶ አብርቶ፣ «እናቴ፣ የትኛው ጋራዥ ነው የሠራልዎ? የኔንም ልውሰድላቸው» አለኝ። እኔው ነኝ ስለው ባትሪውን አጥፍቶ ወደ መስኮት ቁጥር ሦስት ጠቆመኝ።

አራተኛ፣ መስኮት ቁጥር ሦስት። እዚያ የተቀመጠው ጸሐፊ ቅን ሰው ነው፤ ደመወዙ እንዲጨመርለት በዚህ አጋጣሚ አሳስባለሁ። «ማዘር፣ የጋራዡ ወረቀት ይኸው ደርሶናል። እርስዎ ዝም ይበሉ፣ እኔም ዝም ልበል፣ የዓመቱን ቦሎ ይለጥፉና ይሂዱ» ብሎ ለመነኝ። ወረቀቱ ይዋሻል፣ ሸራውን የቀየርሁት እኔ ነኝ ስለው ጭንቅላቱን ይዞ ውሳኔውን ጻፈ፦ «ፍሬኑ ይይዛል፤ ነገር ግን እንዲይዝ ፈቃድ በተሰጠው አካል አልተሠራም።» መፍትሔውንም አልነፈገኝም። አዲሶቹን ሸራዎች አውጥቼ፣ አሮጌዎቹን መልሼ፣ በእነሱ እየነዳሁ ወደ ጋራዡ እንድወርድ፣ ይህን በዐሥር ቀን ውስጥ ካላደረግሁ ሰሌዳዬ እንደሚፈታ ነገረኝ። አሮጌዎቹን በከረጢት ይዣቸው ነበርና አንዱን በመስኮቱ አሳየሁት፤ ሸራው ተበልቶ አልቆ ባዶ ብረት ነው። አገላብጦ አየውና «በወረቀቱ መሠረት ይሄ አዲስ ነው» አለኝ። በሕይወቴ አዲስ ነገር ሲዝግ ያየሁት ያን ዕለት ነው።

አምስተኛው ምስጋና ሳይሆን ማብራሪያ ነው። ጸሐፊው ዝም በይ ሲለኝ ለምን እምቢ እንዳልሁ ገርሞት ስለነበር ለእሱም ጭምር ልመልስ። ከዐሥራ አንድ ዓመት በፊት ባለቤቴ መኪናውን ከጋራዥ ይዞ ሲመጣ ወረቀትም አምጥቶ ነበር። ያን ጊዜ ማንበብ ከጀመርሁ ገና ሁለተኛ ዓመቴ ስለነበር፣ በተማርሁት እየኮራሁ ምሳ ላይ ድምፄን ከፍ አድርጌ አነበብሁለት፦ «ፍሬን፣ ጤነኛ።» በማግስቱ ጠዋት መኪናውን ከግቢ ሲያስወጣ ያንን የብረት ድምፅ ሰማሁ። በሁለተኛውም፣ በሦስተኛውም ቀን ሰማሁ። ጆሮዬ አንድ ነገር፣ ወረቀቱ ሌላ ነገር ሲነግረኝ፣ ማኅተም ያለበት ጽሑፍ ይሳሳታል ብዬ አላሰብሁምና ዝም አልሁ። በአምስተኛው ቀን ቁልቁለቱ ላይ ፍሬኑ አልያዘለትም። ለዚህ እርስዎን አልከስም፤ ያን ጊዜ አልነበሩም፣ የራሴንም ድርሻ ማንም እንዲሸከምልኝ አልፈልግም።

ስለዚህ ክቡር ሆይ፣ አሮጌውን ሸራ መልሼ እንደማላስገባ በታላቅ ትሕትና አስታውቃለሁ። ሰሌዳዬን የያዙት ሁለት ቡሎኖች ናቸው፤ በዐሥር ቁጥር ቁልፍ ወደ ግራ ሲዞሩ ይፈታሉ። የሚልኩት ሰው ይህን ለማድረግ ፈቃድ ከሌለው፣ ካለው ሰው እንዲያስፈቅድ ትንሽ ጊዜ እሰጠዋለሁ። እህቴም «በወረቀት ፍሬን ቁልቁለት ከምወርድ በምርኩዝ እወርዳለሁ» ብላለች።

ለማኅተምዎ ረጅም ዕድሜን፣ ለመስኮት ቁጥር ሦስት ብርታትን፣ ለሸረሪቷም የሥራ ፈቃድን እየተመኘሁ፣

ያለ ፈቃድ የምታነብ፣
ያለ ፈቃድ ቡሎን የምታጠብቅ፣
የሰማያዊዋ መኪና ባለቤት

ድኅረ ጽሑፍ፦ ይህን ደብዳቤ ግልጽ አድርጌ በበርዎ ላይ የለጠፍሁት እርስዎን ለማሳፈር አይደለም። ተሰልፌ በነበርሁባቸው ሦስት ጠዋቶች፣ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ነጯ መኪናዎ ወደ ግቢው ስትገባ ያንኑ ድምፅ ሰምቻለሁ፤ የኋላ ግራ ጎማዎ ነው። በመስታወቷ ላይ የዘንድሮው ቦሎ መለጠፉን አይቻለሁ፤ እባክዎ እሱን አይመኑት። በመዝገብ ቤት ያስገባሁት እንደሆነ ደብዳቤዬ ጠረጴዛዎ ላይ የሚደርሰው በአርባ ቀኑ ነው፤ ሸራዎ ደግሞ አርባ ቀን የለውም። ይህን ያነበበ ሁሉ፣ ጥበቃውም ቢሆን፣ ዛሬውኑ ይንገርዎትና በቁልቁለቱ አይውረዱ። ሌላ የሚያምኑት ሰው ካጡ ግቢዬ ሜዳ ነው፣ ክሪኩም በር ላይ ነው፤ ወረቀት ግን አልሰጥም።