ወረቀቱ ላይ የሌለው ስምንተኛ ቀን

ዓርብ፣ ጥቅምት 18፣ ከቀኑ 10 ሰዓት

ደብተሬ፣ ዳይፐር ገዝቼ ገባሁ። ልጄ አምስተኛ ቀኑ። መልኩ የእናቱ፣ ጉልበቱ የኔ። የምሠራበት ጌጃ ሰፈር ጋራዥ ያልሰማ የለም፤ ካለም ነገ ይሰማል።

ከጤ/ጣቢያ ስንወጣ ነርሷ ስለ ግርዛት ልታስረዳኝ ስትጀምር አትድከሚ፣ ወረቀቱን ስጪኝ፣ የማታ ትምህርት ጨርሻለሁ አልኳት። ዛሬ ለአማቴ ለእማማ ብዙነሽና ለጎረቤት ጮክ ብዬ አነበብኩት። እልል ተባለ። ስምንተኛው ቀን ሰኞ ነው፤ ገራዡ አባባ ይርጋ ተጠርተዋል። እኔንም የገረዙኝ እሳቸው። ምን ጎደለብኝ?

ቅዳሜ፣ ጠዋት

ላንተ ብቻ። ትናንት ያነበብኩት ሦስት መስመር ነው። ከዚያ በታች ፊደሉ አነሰብኝ፣ ሰዉ ደግሞ አፌን ያያል። በስምንተኛው ቀን ቤት ይገረዝ ያልኩት ከራሴ ነው። እማማ መስማት የሚፈልጉትን አውቃለሁ። ለቀልድ ያህል። ግን ወረቀቱን መልሼ ኪሴ ከተትኩ።

እሑድ፣ 9 ሰዓት

ጣቴን እያስኬድኩ ሁሉንም አነበብኩ። ስምንተኛ ቀን የሚል የለም። ጤና ጣቢያ፣ ንጹሕ መሣሪያ ይላል። ወረድ ብሎ፦ በእናት ወገን ደሙ አልቆም የሚል ወንድ ካለ፣ ከመገረዙ በፊት ለሐኪም ይንገሩ።

ሦስቴ ደገምኩት። ያው ነው።

ባለቤቴን ጽጌን ጠየቅኳት። ደነገጠች። ወንድሟ ሲገረዝ ሁለት ቀን ደምቷል። ጥርሱን ሲነቀልም እንደዚያው። ይሄ የሚነገር መሆኑን በምን ትወቅ? ወረቀቱን የያዝኩት እኔ።

ለእማማ ነገርኳቸው። ሳቁ። ዓርብ ያነበብከው ወረቀት እሑድ ተለወጠ ወይ አሉኝ። ቀጥፌ ነው አልኩ። እንግዲያው የቱን ልመን፣ ወንዱ ልጄ እንደሆነ ያኔ ደምቶም አልሞተ፣ ቀኑ አያልፍም አሉ።

ሰኞ፣ ጠዋት 1፡30

አባባ ይርጋ መጡ። ገንፎ ቀርቦላቸዋል። ምላጩ በጨርቅ ተጠቅልሎ ጎናቸው። እማማ ልጁን ታቅፈዋል፤ እኔን አያዩም። ጎረቤት እየገባ ነው።

ዛሬ አይገረዝም። ዓርብ ያነበብኩት ውሸት ነበር ብዬ በሁሉም ፊት እናገራለሁ። ይሳቁብኝ። የአጎቱን ነገር ሐኪም ሳይሰማ ምላጭ አይነካውም። እማማ፣ ልጁን ይስጡኝ ልላቸው ነው። ባይሰጡኝም በሩ ላይ እቆማለሁ።

ጽጌ ወደ ጤና ጣቢያ ለመሄድ ጫማዋን አድርጋለች።