ጢሞ ይሰማው የነበረው

ጥቅምት 4
ሒሳብ ሁለት ክፍለ ጊዜ። ከሰዓት ዳንግላ ዘነበ… ጋሪ ጭቃ ረጭቶብኝ ገባሁ።
እማዬ የጢሞን ሸሚዞች አጥባ አስጥታለች። ማን ሊለብሳቸው? አልጠየቅኳትም። ወንድሜ ከሞተ ሁለት ወር ሆነው። የሚነዳው ባጃጅ አዲስ ቅዳም መንገድ ላይ ተገልብጦ… ከዚህ በላይ አልጽፍም።

ጥቅምት 7
የጢሞን ስልክ ከፈትኩት። ሁሉም አለ። የድሮ የአሜሪካ ራዲዮ የጃዝ ቅጂዎች፣ ሰማንያ ዓመት ያለፋቸው። መጀመሪያ ይንኮሻኮሻል፣ ከዚያ አንድ ሰውዬ ባንዱን ያስተዋውቃል፣ ከዚያ ጥሩምባው። ዱክ ኤሊንግተን። ካውንት ቤዚ። ኤላ ፊትዝጀራልድ።
"ዱክም ካውንትም የመሳፍንት ማዕረግ ነው" ይለኝ ነበር ጢሞ። "አሜሪካኖች ንጉሥ የላቸውም፣ መሳፍንቶቻቸው ባንድ ይመራሉ።"
ባንዶቹ ሆቴል ውስጥ ይጫወታሉ፣ ራዲዮው አገር ለአገር ያደርሰዋል። ገበሬው ቤቱ ቁጭ ብሎ ይሰማል… እንደዚያ ነበር የሚያወራው።
አንዱንም ሳልጨርስ ዘጋሁት።

ጥቅምት 9፣ እሁድ
የቤተ ክርስቲያናችን ኳየር ጢሞ ያስጠናውን መዝሙር ዘመረ። ወንዶቹ ይጠራሉ፣ ሴቶቹ አጭር አድርገው ይመልሳሉ። ከየት እንዳመጣው አውቃለሁ። ጥሩምባው ሲጠራ ሳክስፎኑ እንደሚመልሰው ነው። ወንድም ይኸነው፣ የኳየሩ ኃላፊ፣ ዓይኑን ጨፍኖ ነበር። "እንዲህ ያለ መንፈሳዊ ዝማሬ…" አለ ሲያበቃ።
ጢሞን ከአገልግሎት ያገደው እሱ ነው። ኪቦርድ ተጫዋቻችን ዓለማዊ ዘፈን ይሰማል ተብሎ፣ ሦስት ወር። በሁለተኛው ወር ሞተ። አገልጋይ ሲሞት ኳየሩ ጋውን ለብሶ ይሸኛል። ጢሞን በሹራብና በጃኬት ሸኙት።
ስንወጣ የጢሞ ጓደኛ አበረ፣ "እንዴት ዋሉ እትዬ ፀጋነሽ" አላት እማዬን። አለፈችው።
"አሳብቆበት ደግሞ ሰላም ይለኛል።"
ስልኩ ውስጥ ያለውን የሚያውቀው እሱ ብቻ ይመስላታል።
ያሳበቅኩት እኔ ነኝ።

ጥቅምት 10
ጻፍኩት እንግዲህ።
ሰኔ ላይ ነው። ኳስ ልይበት ብለው ስልኩን ከለከለኝ። "ሂድ አጥና" አለኝ፣ ጓደኞቼ ፊት። በማግሥቱ ስልኩን ረስቶ ወጣ። ይዤው ወንድም ይኸነው ሱቅ ሄድኩ። "ጢሞ የሚሰማውን ይስሙ" አልኩት። ይቆጣዋል ብዬ። ያግደዋል አላልኩም።

ጥቅምት 14
አበረን የራሱን ባጃጅ ሲያጥብ አገኘሁት።
"እማዬን ለምን እኔ አይደለሁም አትላትም?"
"ያንን ባልዲ አቀብለኝ እስቲ።"
"አበረ…"
"አንተ መሆንህን አውቃለሁ። ጢሞ ነግሮኛል።"
ጢሞ ያውቅ ነበር?
"ይኸነው ስልኩን ሲመልስለት ማን እንዳመጣው ነገረው። ጢሞ ሳቀ። 'ለእማዬ እንዳትነግራት፣ ልጁን ትቀጠቅጠዋለች' አለኝ። እሺ አልኩት። አሁን ምን ላድርግ?"
ከዚያ በኋላ እስኪሞት ድረስ አንድ አልጋ ላይ ተኛን። አንድ ቃል አልወጣውም። እንዲያውም ስለ ኤላ ያጫወተኝ ያኔ ነው። የባንዷ መሪ ሲሞት ባንዱን እሷ ተረከበች፣ ገና በሃያ ሁለት ዓመቷ…

ጥቅምት 15
ለእማዬ ነገርኳት። ሽንኩርት እየላጠች ነበር። መላጡን አላቆመችም። ሲያልቅ እጇን ታጥባ፣ ነጠላዋን አንሥታ ወደ አበረ ቤት ሄደች።

ጥቅምት 19
አበረ እኛ ቤት ምሳ በላ። እማዬ አጎረሰችው። እኔን አራት ቀን አላናገረችኝም።
"እሱንም ያጉርሱት እንጂ፣ እትዬ።"
"እጅ አለው።"

ጥቅምት 23፣ እሁድ
ከቤተ ክርስቲያን መልስ እማዬ ስልኩን ፊቴ አስቀመጠችው።
"ይሰማ የነበረውን አሰማኝ።"
ኤላን ከፈትኩላት። እንግሊዝኛ አንድም አትሰማም። አንገቷን ዘንበል አድርጋ፣ መጥፎው እስኪመጣ የምትጠብቅ ይመስል፣ እስከ መጨረሻው አዳመጠች። ጭብጨባው አለቀ። አስተዋዋቂው ተሰናበተ።
"ጥፋቱ የቱ ጋ ነው?"
"አላውቅም፣ እማዬ።"
ከዚያ ወንበሯን ወደ እኔ ሳበች።
"ሌላውን ክፈት።"
ከፈትኩ። ሁለታችንም የምናየው ስልኩን ነበር።