ብዙኃኑ ኀ

ማክሰኞ፣ ኅዳር 9፣ መርሳ

ከወር በፊት የእህቴ ባል ታደሰ እቤቴ መጥቶ፣ «የንግድ ምልክት ደንቡ ሊሻሻል ነው አሉ። ከእንግዲህ የሚመሳሰል ስም ይዞ የመጣ ሁሉ ይመለሳል። ሌላ ሰው ሳይቀድምሽ የሽሮሽን ስም እኔ ላስመዝግብልሽ፤ ቅጹን አመጣልሻለሁ» አለኝ። ስሙ የእናታችን ነው፣ ሐረጓ። እስካሁን የምሸጠው ምንም ባልተጻፈበት ላስቲክ ነው። ሊወጣ ሲል በሩ ላይ ቆመና «በየትኛው ሀ ነው የምትጽፊው?» አለ። ቅጹን የምሞላው እኔ፤ እሱን ፊደሉ ምን አስጨነቀው? ከነከነኝ። «በብዙኃኑ ኀ» አልኩት። ውሸቴን ነው። እናቴ መሠረተ ትምህርት ከተማረች ጀምሮ ስሟን የምትጽፈው በሐመሩ ሐ ነበር። ያኛውን ኀ እዚያ ላይ የሚያስገባ ሰው አይቼ አላውቅም።

ቅጹ እስካሁን አልመጣም። ዛሬ ወልድያ መናኸሪያው አጠገብ አንድ ሱቅ ገባሁ። መደርደሪያው ላይ በሚያብረቀርቅ ማሸጊያ «ኀረጓ ሽሮ» ይላል። ባለሱቁን ከየት እንደመጣ ብጠይቀው «እኔ እንጃ፣ አዲስ ነው» አለኝ።

ያንን ኀ የነገርኩት ለታደሰ ብቻ ነው።

እህቴ የእናታችንን ስም አጻጻፍ አሳምራ ታውቃለች። በነገሩ ብትኖርበት ኖሮ ፊደሉን ታርመው ነበር። ወይስ እኔ እንድነቃበት ብላ፣ አይታ ዝም አለችው?