ትርፍ ያልተተወለት ሐር

እናታችን ባለፈው ሐሙስ ማለዳ ዐርፈዋል። በሥራ ክፍላቸው መስኮት አጠገብ የቆመው ቬሎ የቀኝ እጅጌው ተሰፍቷል፤ የግራው በስፒል እንደተያዘ ነው።

እናታችን ከብረት ሠራተኛ አባታቸውና ከልብስ ሰፊ እናታቸው፣ በባቡር ሐዲድ አጠገብ በነበረች ባለ ሁለት ክፍል ቤት ተወለዱ። ለወላጆቻቸው የበኩር ልጅ ሲሆኑ፣ ታናሽ እህታቸው በአምስት ዓመት ይከተሏቸዋል። ትምህርታቸውን በሰፈራቸው ትምህርት ቤት ካጠናቀቁ በኋላ ቅድና ስፌት ተምረው በአንድ ቲያትር ቤት የአልባሳት ክፍል ተቀጠሩ። አንገትጌያቸው ረጅም፣ ጀርባቸው እስከ ወገብ በጥቃቅን ቁልፍ የሚዘጋ የጥንት ቬሎዎችን ከአሮጌ የወረቀት ንድፍ መቁረጥ የለመዱት እዚያ ነው።

በሃያ ስድስት ዓመታቸው ከታናሽ እህታቸው ጋር የራሳቸውን ሱቅ ከፈቱ። እናታችን ይቆርጣሉ፤ እህታቸው ይሰፋሉ። የእህታቸው የእጅ ስፌት ከመኪና ስፌት የሚለየው በጥንካሬው ብቻ ነበር ይባላል። በዚያው ዓመት እናታችን የማተሚያ ቤት ሠራተኛ ከነበሩት አባታችን ጋር ትዳር መሥርተው በኋላ አንድ ወንድና አንዲት ሴት ልጅ አፈሩ። አባታችን ስፒል ስለሚፈሩ ወንበሩን በእጃቸው ሳይዳብሱ አይቀመጡም ነበር፤ ልማዱ በሰው ቤትም አልለቀቃቸውም።

ከአሮጌ ንድፎች አንዳንዶቹ የሚያሳዩት የስፌቱን መስመር ብቻ ነው። ለስፌት የሚገባውን ትርፍ ቆራጩ ራሱ ይጨምራል። እናታችን ይህን ከማወቅ አልፈው ለሌሎችም ያስተምሩ ነበር። ታናሽ እህታቸው በታጩ ጊዜ ግን፣ ከሟች እናታቸው ቬሎ የተፈታውን ሐር ዘርግተው፣ የሠርጉ ቀን ደርሶ ነበርና እናታችን አስቀድመው በርካሽ አቡጀዲ ሳይሞክሩ፣ ትርፍ ሳይተዉ በመስመሩ ላይ ቆረጡት። ልብሱ በየስፌቱ ጣት ጣት ያህል ጠበበ። ሐሩ ምትክ አልነበረውም።

እህታቸው «ለባዕድ ሙሽራ ሁሉ አቡጀዲ ስትቀጂ ኖረሽ፣ ለእኔ ጊዜ አጣሽ?» አሉ። በተዋሱት ቬሎ ተዳሩ። ከዚያ ወዲህ የሱቁን ደፍ አልረገጡም፤ ከቁልፍ በቀርም አልሰፉም። እህትማማቾቹ በዘመድ ቤት ሲገናኙ ይሳሳሙ፣ ስለ ልጆች ጤና ይጠያየቁ ነበር። ሁለቱም ጨዋዎች ስለነበሩ ጠብ የሚባል ነገር ያየ ሰው የለም።

እናታችን ሱቁን ብቻቸውን ይዘው ቀጠሉ። ሙሽራይቱ ብትቸኩል፣ እናቷ ብትቆጣ፣ በአቡጀዲ ያልተሞከረ ልብስ አልቆረጡም። ደንበኞቻቸው «እትዬ ልኬት» የሚል ቅጽል ያወጡላቸው በዚህ ምክንያት ሲሆን፣ «እሳቸው ዘንድ ሁለት ጊዜ ነው የሚዳሩት፤ መጀመሪያ በአቡጀዲ» እያሉ ይቀልዱ ነበር። እናታችን በቀልዱ ሲስቁ አልታዩም።

ባለፈው ዓመት የእህታቸው ልጅ ታጭታ፣ ለእናቷ ሳትነግር ወደ ሱቁ መጣች። እናታችን ትከሻዋንና ወገቧን ለኩ፤ ከዚያም ከቁም ሣጥኑ ሥር የተጠቀለለ ነገር አወጡ። ያ የተቆረጠው ሐር ነበር። እስከዚያ ቀን እኛ ልጆቻቸው እንኳ መኖሩን አናውቅም ነበር። በእያንዳንዱ ስፌት መካከል፣ ያኔ ባልተተወው ትርፍ ምትክ፣ ቀጭን ዳንቴል አስገቡ። አስቀድመው ግን ሁሉንም በአቡጀዲ ሞከሩት፤ አልረኩምና አፍርሰው ደገሙት።

የሳንባ ሕመማቸው የጠናው በዚህ ሥራ ላይ ሳሉ ነው። ክር በመርፌ ቀዳዳ ማስገባት ሲሳናቸው ሴት ልጃቸው ታስገባላቸው ነበር። ሆስፒታል በገቡ በሳምንቱ፣ የሕመሙንም የቬሎውንም ወሬ ከገዛ ልጃቸው ከሙሽራዋ የሰሙት ታናሽ እህታቸው መጡ። ወንበር ስበው ተቀመጡና ከሰላምታ አስቀድመው «እጅጌውስ?» ሲሉ ጠየቁ።

እናታችን «ግራው ቀርቷል» አሉ፤ ትንፋሻቸውን ሰብስበውም «በአቡጀዲ ተሞክሯል» ሲሉ ጨመሩ።

እህታቸው እስኪመሽ ከአጠገባቸው አልተነሡም። ሌላ የተነጋገሩት ነገር ቢኖር የሰማ የለም።

እናታችን በሕክምና ሲረዱ ቆይተው በስልሳ ሰባት ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ተለይተዋል። ባለቤታቸው ቀድመዋቸዋል። ሁለት ልጆቻቸው፣ አንዲት የልጅ ልጃቸው፣ ታናሽ እህታቸውና የእህታቸው ልጅ አሉ። ፈጣሪ ለነፍሳቸው የማትጠብብ ማረፊያ ይስጣቸው፤ ለቀረነውም መጽናናቱን ያድለን።

የእህታቸው ልጅ ሠርግ በተቆረጠለት ቀን ይሆናል። የግራውን እጅጌ ታናሽ እህታቸው ይሰፉታል።