ጎማው የወረደው አውሮፕላን

ይድረስ ለልጄ፤ ጤናህ እንዴት ነው? እኛ ከጉልበቴ ቁርጥማትና ከእናትህ ቁጣ በቀር ደህና ነን።

ሳትጀምረው የሄድከውን የፕላስቲክ አውሮፕላን፣ ያንን አንተ የምትበርበትን የጦር ማመላለሻ የሚመስለውን፣ ገጣጥሜ ጨረስኩት። እጄ ሥራ ሲፈታ ቤቱ ይጠበኛል። ክንፉ ብቻ አንድ ክንድ ያህላል። ጎማዎቹን አጥፌ፣ ሆዱን በማጣበቂያ ዘግቼ፣ ሳሎን ውስጥ ከጣሪያው በክር አንጠለጠልኩት። እናትህ ግን «በሥሩ አላልፍም» ብላ በጓሮ በር መመላለስ ጀመረች። ባወርደውም አልበቃትም።

«ያረፈ አስመስለው እንጂ!» አለችኝ።

የደረቀውን ማጣበቂያ በቢላ ስፈለቅቅ ሆዱ ተሰነጠቀ፤ ጎማዎቹ ግን ወጡ። አሁን የምግብ ጠረጴዛው ላይ ቆሟል፤ እኛ ሳህናችንን ጭናችን ላይ አድርገን እንበላለን።

ዜና የምንሰማበት ሬዲዮ ባትሪው ካለቀ ሦስት ሳምንት ሆነው። ሱቁ ደጃፋችን ነው፤ ግን ማንኛችንም አልገዛንም። ፖስተኛው ገና ከሩቅ ሲያየኝ «ደብዳቤ የለም» ይላል። ማን ጠየቀው?

የአውሮፕላኑን የኋላ በር አላጣበቅኩትም፤ ወለል ብሎ እንደተከፈተ ነው። እናትህ አቧራ በጠረገች ቁጥር ጎንበስ ብላ ውስጡን ታያለች።

ጉንጭህን ትስምሃለች።

አባትህ