አራተኛው ደብተር አንተ ጋ ነው

ሙሉዬ፣

«ይድረስ» ብዬ ልጀምር አልኩና ብዕሬን መልሼ አስቀመጥኩት። የት ነው የሚደርሰው? አድራሻህ ደብሩ ግቢ ውስጥ፣ ከወይራው ሥር ድንጋይ የተከመረበት ነው፤ እዚያ ደግሞ ፖስታ የሚያደርስ የለም። ግድ የለም፣ ብቻ ልጻፍልህ። ከተለየኸን ሰባት ወር ሞላ። ጥቅምት ላይ ገብሱ ሳይታጨድ ጥለኸን ሄድክ፣ ይኸው ግንቦት ገባ።

ላሟ ወለደች፣ ሴት ጥጃ ናት። ማኅሌት ስም አላወጣላትም ብላለች፤ ስም የሚያወጣው አባዬ ነው ትላለች፣ ጥጃዋም እስከ ዛሬ ስም የላትም። ትምህርት ቤቱ አንዴ ይከፈታል፣ አንዴ ይዘጋል፤ በአንተ ምትክ ጂኦግራፊ የሚያስተምር አልመጣም። ዛሬ ነገ ስትልበት የነበረው ጣሪያ አሁንም ያፈሳል፣ ያውም ልክ በአንተ በኩል። አልጋው ላይ አንተ ትተኛበት ከነበረው ቦታ ሳፋ አስቀምጫለሁ። ከሳፋ ጋር ነው የምተኛው፣ እንግዲህ ምን ላድርግ።

ልጽፍልህ የተነሳሁት ግን ለጥጃዋና ለጣሪያው አይደለም። ስለ ደብተሮችህ ነው።

ያን ተረትህን ስትጀምር ምን ያህል እንደተቆጣሁ ታስታውሳለህ? ዘንዶ ምንጩን የዋጠበት አገር፣ የሚናገሩ ዛፎች፣ በደመና ላይ የሚሄዱ በቅሎዎች። ይሁን፣ ጎልማሳ ሰው ተረት ቢጽፍ ማን ይጎዳል? እኔን ያናደደኝ ፈጣሪ መጨመርህ ነበር። ሐዋጺ አልከው፤ በግእዝ የሚጎበኝ ማለት ነው ብለህ አስረዳኸኝ። አገሩን ሠርቶ፣ እጎበኛችኋለሁ ብሎ ቃል ገብቶ፣ ከዚያ ዓይኑ የማይታይ። በዲቁና ያደገ ሰው እንዴት ከራሱ ጭንቅላት አምላክ ያወጣል ብዬ ጮኽኩብህ። አንተ እንደ ልማድህ ሳቅክ። እግዚአብሔርን ልፈጥር አይደለም፣ እውነተኛው ሲገዝፍብኝ ጊዜ አጠገቤ አስቀምጬ የማናግረው አነስ ያለ ብፈልግ ነው አልክ። አፌን አስያዝከኝ። ግን አላሳመንከኝም ነበር።

ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት ጓሮ ፀሐይ ላይ ተቀምጠህ ታነብልን ነበር። ማኅሌት አፍህን እያየች ትሰማለች፤ እኔ ምስር እየለቀምኩ ያልሰማሁ እመስላለሁ። ልቤ ግን እዚያው ነበር፣ ወንድሟ የታመመባት ያቺ ትንሽ ልጅ ሐዋጺን ፍለጋ ተራራ ስትወጣ አብሬያት እወጣለሁ። ሁለተኛው ደብተር ላይ የልጁ ሕመም ሲጠና ግን አልቻልኩም። ምስሩን ጥዬ ተነሳሁ። ብዕሩ በእጅህ ነው፣ ማን ከለከለህ፣ አድነው እንጂ አልኩህ።

ያን ቀን አልሳቅክም። ልጁን የጻፍኩት እኔ ነኝ፣ ሲያቃስት ግን እኔን ያመኛል፤ ደግሞ ሰርዤ ላድነው ስል እጄ እምቢ ይለኛል፣ ለምን እንደሆነ አላውቅም አልክ። ሐዋጺም እንዲህ እየሆነ ይሆናል ብለህ ቀስ ብለህ ጨመርክ። ይኼም መልስ ሆኖ ነው? አልኩ በልቤ። ዛሬም መልስ አይመስለኝም።

ከዚያ አንተው ታመምክ። ባሕር ዳር ጉበት ነው አሉን። በሐሙሲት በኩል በሚኒባስ ስንመላለስ መስኮቱን ተደግፈህ ታቃስታለህ፣ እኔ አጠገብህ ሆኜ ያንኑ ቃል እደጋግማለሁ። ብዕሩ በእጅህ ነው፣ ማን ከለከለህ። ይህን ጊዜ ግን የማናግረው አንተን አልነበረም። አልመለሰልኝም።

ሦስተኛውን ደብተር ስታነብልን ድምፅህ እየደከመ ነበር። ልጅቷ ተራራው ጫፍ ደረሰች፣ የሐዋጺን ቤት አገኘች። በሩ ዝግ ነው፤ በስንጥቁ ብርሃን ይታያል። አንኳኳች። አለቀ! ማኅሌት እሪ አለች፣ አንተ አራተኛውን ጠብቂ አልካት። አራተኛውን አልጋ ላይ ሆነህ ጻፍከው፤ ለማንም አላሳየህም። ከቆሎ ተማሪነትህ ባመጣኸው የቆዳ ማኅደር ከትተህ ትራስህ ሥር ታደርገዋለህ። የጨረስክበትን ቀን አውቀዋለሁ፣ ፊትህ ሌላ ነበር። ቅዳሜ አነብላችኋለሁ አልክ። ሐሙስ ሞትክ።

አሁን የማታውቀውን ልንገርህ፤ ወይም ከእኔ አብልጠህ የምታውቀውን። እታለም፣ ያሳደገችህ ታላቅ እህትህ፣ ከእብናት ደርሳ ነበር። ፊደል እንደማትለይ ታውቃለህ። ሲገንዙህ ማኅደሩን ከትራስህ ሥር አገኘችው፤ ከፈት ብታደርገው ቀይ ቀለም አየች። በእኛ ዘንድ መጽሐፍ ላይ በቀይ የሚጻፈው የማን ስም እንደሆነ ያልተማረም ያውቃል። አንተ ደግሞ ቁም ጽሕፈት የተማረ እጅህ አልታዘዝ ብሎህ ሐዋጺ የሚለው ቦታ ሲደርስ ሁሉ ቀዩን ታነሳ ነበር። የጸሎት መጽሐፉ ነው ብላ ሳመችው። ደረትህ ላይ አድርጋ አብሮ እንዲገነዝ አደረገች። ቄሶቹም ማኅደር ሲያዩ ምን ይጠይቃሉ? እኔን በዚያ ሰዓት ሴቶች ይዘውኛል፣ ደረቴን እየደቃሁ ነበር፣ ምንም አላየሁ።

አርባህ ላይ ነገረችኝ፣ ያውም ደስ ብሏት። ወንድሜ ባዶ እጁን አልሄደም አለችኝ። ምን ልበላት? ያ እኮ ተረት ነው ልበላት? የተጽናናችው በዚያች አንድ ነገር ነው። እስከ ዛሬም አልነገርኳትም፣ አንተም ብትሆን አትነግራትም።

ለንስሐ አባታችን ግን ነገርኳቸው። መቃብሩ ይከፈትልኝ ስል ከአፌ ሳይወጣ አፈርኩ። አልተቆጡኝም፣ ያረፈ አይነካም ልጄ አሉኝ። ቆይተው ደግሞ ምን ነበር የጻፈው ብለው ጠየቁኝ። እስከ በሩ ድረስ ተረክኩላቸው። ከዚያስ? አሉኝ። እኔ ምን አውቅልዎ አባቴ! መቋሚያቸውን ተደግፈው ልክ እንደ ማኅሌት በሩ ላይ ቀርተው ሳያቸው ሳቄም ልቅሶዬም አንድ ላይ መጣብኝ።

ማኅሌት አሥራ አንድ ዓመት ሞላት። መጸለይ ትታለች። ቤተ ክርስቲያን አብራኝ ትመጣለች፣ አፏ ግን አይንቀሳቀስም። በሩ መከፈቱን ሳላውቅ ማንን ነው የምለምነው አለችኝ። መጨረሻውን እኔው ልጻፍላት ብዬ ተቀመጥኩ፣ እውነቴን ነው። ቀዩን ብዕርህን አንስቼ ሐዋጺ ብዬ ጻፍኩ። በሩን ከፈተ ማለት ብቻ ነው የቀረኝ፤ ሁለት ቃል! እጄ እምቢ አለኝ። ብጽፈው የእኔ ምኞት ነው፣ ያቺ ልጅ ደግሞ ታውቅብኛለች። ሙሉዬ፣ የጨነቀኝም የተረቱ ልጅ ነገር አይደለም። ሞት ራስጌህ ቆሞ አንተ ምን እንዳየህ ነው ማወቅ የምፈልገው። ከፍቶላት ነበር? ወይስ እንደተዘጋ ቀርቶ ነው ደብቀኸን የነበረው? ያ ፊትህ ሰላም ነበር ወይስ ድካም? አሥራ ስድስት ዓመት አብሬህ ኖሬ ይህችን አላውቅም። አንጀቴን የሚበላኝ ይህ ነው።

ባለፈው እሑድ ከቅዳሴ ስንወጣ ከአጠገቤ ጠፋች። መቃብርህ ጋ አገኘኋት። ተንበርክካ በራስጌህ በኩል ያለውን ጠፍጣፋ ድንጋይ በጣቷ ታንኳኳለች፣ ቀስ ብላ፣ የሰው ቤት እንደምታንኳኳ። ነውር ነው ልላት አፌን ከፈትኩ። ግን አጠገቧ ተንበረከክኩና እኔም አንኳኳሁ። ወጪ ወራጁ ያየናል፤ ይየን። ብዙ ቆየን። ማንም አልመለሰልንም። ካፊያ ሲጀምር ነጠላዬን አከናነብኳት፣ ተነሳን። መንገድ ላይ በሚመጣው እሑድም እንመጣለን ወይ አለችኝ። እንመጣለን አልኳት።

ሌላ የምችለው የለኝም፣ ዓለሜ። ሦስተኛው ደብተር እንደተከፈተ ይቀመጣል። ያቺን አንድ ቀይ ስም የጻፍኩባትን ገጽ አልቀድዳትም፣ አልጨርሳትምም። ድምፅህን፣ ሳቅህን፣ እጄ እምቢ ይለኛል ያልክበትን ቀን፣ በሕይወት እስካለሁ አልረሳም። የማስታውሰው ግን እስከ በሩ ድረስ ነው። ከበሩ ወዲያ ያለው ደረትህ ላይ ነው።

እሑድ መጥተን እናንኳኳለን።

ምስር ለቃሚዋ ሚስትህ