የባለቤቴን መርዶ በባዶ ሳጥኖች ላረዱልኝ ክቡር ኃላፊ

ለክቡር አቶ ፕላመን ድራጎዬቭ
በጎርና ክሩሻ ከተማ ማዘጋጃ ቤት የቀብርና የማስታወቂያ አገልግሎት ኃላፊ
ባሉበት

ጉዳዩ፦ የላቀ ምስጋና ስለማቅረብ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለክቡርነትዎ የተሟላ ጤና፣ ለቤተሰብዎ ሰላም፣ ለቢሮዎ በርም የማይሰበር ቁልፍ እየተመኘሁ፣ በባሕር ዳሯ ከተማ በቫርና ከተደረገው የዘመናዊ አገልግሎት ጉባኤ በሰላም በመመለስዎ የተሰማኝን ደስታ እገልጻለሁ። የባሕሩ ፀሐይ ፊትዎን አሳምሮታል ሲሉ ሰምቻለሁ፤ እሰየው ነው። እኔ ዝላትካ ፔንቼቫ እባላለሁ። ባለቤቴ ራንጌል ፔንቼቭ ዕድሜውን ሙሉ ከከተማችን ወደ ታች መንደሮች የሚሄደውን አውቶቡስ ሲነዳ የኖረ፣ ክቡርነትዎንም ተማሪ ሳሉ ቦርሳዎን ረስተው ሲወርዱ እየተጣራ ያቀብልዎ የነበረ ሰው ነው። ይህን ሁሉ የምዘረዝረው የሞተው ማን እንደሆነ እንዲያውቁልኝ ነው፤ መሥሪያ ቤትዎ ካወጣው ማስታወቂያ ይህን ማወቅ አልተቻለምና።

መቼም በእኛ አገር መርዶ የሚነገረው በግድግዳ መሆኑን ለእርስዎ አልነግርዎትም። ወረቀቱ በሟች ቤት በር፣ በዳቦ ቤቱ ግድግዳና በአውቶቡስ ማቆሚያው ምሰሶ ላይ ይለጠፋል፤ አላፊ አግዳሚው ቆሞ ያነባል፣ ያማትባል፣ አበባውን ጥንድ ጥንድ አድርጎ ይዞ ወደ ለቅሶው ይመጣል። ያላነበበ አልሰማም፤ ያልሰማም አይወቀስም። ክቡርነትዎ ይህን ከአያት ከቅድመ አያት የወረስነውን ኋላ ቀር አሠራር ስላዘመኑልን፣ ውለታዎን በዝምታ ማለፍ ንፉግነት መስሎ ስለታየኝ፣ ምስጋናዬን በሕዝብ ፊት በቁጥር እያስቀመጥሁ እንደሚከተለው አቀርባለሁ።

1ኛ) የሟች ፎቶግራፍ ከማስታወቂያ ላይ እንዲነሣ ስላዘዙ አመሰግናለሁ። “በሞት ፊት ሁሉም እኩል ስለሆነ” ብሎ መመሪያዎ እንደሚያብራራው፣ በሰው ፊት ፋንታ አሁን ሻማ ይሣላል። ሻማው ለሁሉም አንድ ዓይነት ነው። ራንጌል በየማለዳው በአውቶቡሱ መስታወት እያየ ያበጥረው የነበረውን ጢም አለመያዙ ካልሆነ በቀር አንዳች ጉድለት አላገኘሁበትም።

2ኛ) ከዋና ከተማችን ከሶፊያ ባለሙያ አስመጥተው ለከተማችን ብቻ የሚሆን የፊደል ቅርጽ ስላሠሩልን፣ የሟች ስምም ከዚህ ፎንት ውጪ በሌላ በምንም ዓይነት እንዳይጻፍ በጥብቅ ስለከለከሉ አመሰግናለሁ። ፊደሉ በእርግጥ ያምራል። በእርስዎ ኮምፒውተርና በጸሐፊዋ በወይዘሪት ቪዮሌታ ኮምፒውተር ላይ ተጭኗል። የሐዘን ማስታወቂያ በሚታተምበት፣ ምድር ቤት ባለው ማሽን ላይ ግን አልተጫነም። ማሽኑ የማያውቀውን ፊደል ሁሉ ባዶ ሳጥን እያደረገ ይተፋዋል። ስለዚህ ራንጌል ሆስፒታል ባረፈ ማግስት ከዚያው በቀጥታ መሥሪያ ቤትዎ ስመጣ የተሰጠኝ ወረቀት “ውድ ባለቤቴ፣ ወንድማችንና ጓደኛችን” ካለ በኋላ ስሙ ሊኖርበት በሚገባው ቦታ፣ አናባቢው ለብቻው በሚጻፍበት ፊደላችን ልክ፣ ስድስት ሳጥን፣ ከዚያ ክፍት ቦታ፣ ከዚያ እንደገና ስድስት ሳጥን የተደረደረበት ነበር። ከሥር የመሥሪያ ቤትዎ ማኅተም ጥርት ብሎ ይነበባል።

ቪዮሌታን አልወቅሳትም፤ ልጅቷ ያቅሟን ለፍታለች። “እትዬ ዝላትካ፣ ይምጡ እዚህ ይዩት፣ ስክሪኑ ላይ እኮ ቁልጭ ብሎ ይነበባል!” አለችኝ። “ልጄ፣ ታዲያ ለቀስተኛውን ሁሉ እዚህ ወንበርሽ ጀርባ ላሰልፈው?” አልኋት። ማሽኑን አጠፋችው፣ አበራችው። ወረቀት ቀየረች። የቀለሙን ዕቃ አውጥታ እንደ እርጎ ቅል ናጠችው። “እርጥበት ይሆናል” አለች። መጨረሻ ላይ ስሙን ትክ ብላ አየችና፣ “የሟች ስም ትንሽ አስቸጋሪ ሳይሆን አይቀርም” አለች። ሰባ ዓመት ሙሉ ማንንም ያላስቸገረ ስም፣ ባለቤቱ ዓይኑን በከደነ ማግስት አስቸጋሪ ሆኖ አረፈው! የኮምፒውተር ጠጋኙ በስልክ ሲጠየቅ፣ “ፎንቱን ታች ያለው ኮምፒውተር ላይ ጫኑት፤ ካልሆነም ከጽሑፉ ጋር አብራችሁ አስገቡት፤ ሻይ እስኪፈላ እንኳ አይቆይም” አለ። ሁለቱንም ለማድረግ ግን የእርስዎ የይለፍ ቃል ያስፈልጋል። እርስዎ ቫርና ነበሩ፤ ስልክዎም በጉባኤው ምክንያት ተዘግቶ ነበር። “በድሮው ፊደል ጻፊልኝማ፣ ለእግዜር ብለሽ” ብላት ዓይኗ እንባ አቀረረና፣ “መመሪያ ነው እትዬ፣ ከሥራ ያስወጡኛል” አለችኝ። ያን ጊዜ አንገሸገሸኝ። በልጅቷ አልነበረም።

3ኛ) ማስታወቂያውን ሳጥን እንደሆነ በየተፈቀደው ቦታ ሁሉ በሰዓቱ ስላስለጠፉልኝ አመሰግናለሁ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ የእርስዎ ወረቀት ግን የያዘው ነገር ስላልነበረ የሚለቀውም አልነበረውም። በአውቶቡስ ማቆሚያው ምሰሶ ላይ፣ ከራንጌል ሳጥኖች አጠገብ፣ ክቡርነትዎ ፊደላችን በየዓመቱ ለሚከበርበት ለፊደል በዓል ያስተላለፉት የእንኳን አደረሳችሁ መልእክት በዚያው ውብ ፎንት፣ ከነሙሉ ስምዎ፣ በቀለም ታትሞ ተለጥፏል። እርስዎ ቢሮ ውስጥ ያለው ማተሚያ ፊደሉን ጠንቅቆ ያውቀዋላ።

4ኛ) ይህኛው ምስጋና በተለይ ስለ አቶ ሜቶዲ ስታኔቭ ነው። ሜቶዲ የራንጌል የልብ ጓደኛ ነው፤ ከሰዓት በኋላ ባለ ነጥብ ዳይ እየጣሉ በሰሌዳ ሳይጫወቱና ሳይጨቃጨቁ ውለው አያውቁም። ጆሮው ስለከበደ ስልክ አይሰማም፤ ዳቦ ሊገዛ ሲወጣ ያነበዋል ብዬ ተውሁት። ሬሳውን ይሸከማል ብዬ የተማመንሁት እሱን ነበር። ዳቦ ቤቱ በር ላይ ግን ከእሱ በፊት የደረሱት ክሩምና ናይደን፣ የሰፈራችን ጡረተኞች፣ ሳጥኖቹን በጣታቸው ይቆጥሩ ጀመር። የዳቦ ጋጋሪዋ ምስክርነት እንዲህ ነው፦

“አንተ ክሩም፣ መነጽርህን አድርግና ቁጠር፣ ስንት ነው?”

“ስድስት። ከዚያ ክፍት ነው። ከዚያ ስድስት።”

“ስድስት በስድስት… ሜቶዲ ስታኔቭ! ቁጠረው፣ በፊደላችን ልክ ነው። ሰሞኑን ሲያስል ሰምቼዋለሁ።”

“ወይኔ ሜቶዲ! ምስኪን!”

“ምን ምስኪን አለበት፣ መሰላሌን እንደወሰደ ሞተ እንጂ!”

የራንጌል ፔንቼቭም ስም ስድስት በስድስት መሆኑ ለማንም ትዝ አላለውም፤ ራንጌል አላሳለማ። በአንድ አፍታ ከተማው ሁሉ አበባውን ይዞ ወደ ሜቶዲ ቤት ጎረፈ። በሩን የከፈተላቸው ራሱ ሜቶዲ ነው፤ በአንድ እጁ የተጠበሰ ቃሪያ ይዞ ነበር። አንዷ ጎረቤት እዚያው ወደቀች። እሱ ምን እንደሚሉት ስላልሰማ፣ “ማን ሞተ?” እያለ ይጮኻል፤ እነሱም፣ “አንተ!” እያሉ ይጮኻሉ። በመጨረሻ በሕይወት መኖሩን ሲያምኑ ደስታው ሌላ ሆነ። ራኪያው አረቄ ወጣ፣ ዘፈን ተጀመረ፣ ናይደንም ስለ መሰላሉ ይቅርታ ጠየቀ። “ታዲያ ማነው የሞተው?” ብሎ ለጠየቀም፣ “ማንም ይሁን፣ የኛ ሰው አይደለም፤ ቢሆን ስሙ ይጻፍ ነበር” ተባለ።

በዚያው ሰዓት፣ ክቡር ሆይ፣ እኛ ራንጌልን እየቀበርን ነበር። እኔ፣ የባሏን ከዘራ ይዛ የመጣችው የራንጌል እኅት፣ ካህኑና ሁለቱ መቃብር ቆፋሪዎች። ሬሳውን የሚሸከም ሰው ስለጠፋ ቆፋሪዎቹ አካፋቸውን ጥለው ተሸከሙት። ካህኑ ገና ለከተማው እንግዳ ስለሆነ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ፣ “ሟች ከሰው ጋር አይስማማም ነበር?” ሲል ጠየቀኝ። አውቶቡሱ ውስጥ ሕፃናት ያለቀሱ፣ ሴቶች ምጥ የያዛቸው፣ ሰካራሞች የተኙ፣ ሁሉንም ከቤታቸው ደጅ ያደረሰ ሰው! መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድሁ። ባዶውን መንገድ እያየሁ፣ አንድ ሰው እንኳ ከመታጠፊያው ብቅ ይል እንደሆነ ጠብቄአለሁ። ከሩቅ የሚሰማው የዘፈን ድምፅ ከሜቶዲ ቤት የሚመጣ እንደነበር ያወቅሁት ኋላ ነው። ሜቶዲም ነገሩን በነጋታው ሲሰማ ደጃፌ ላይ ተቀምጦ እንደ ሕፃን አለቀሰ። “እኔ ራኪያ ስጠጣ እሱን አፈር አለበሱት?” ይላል። ጥያቄውን ወደ ክቡርነትዎ መርቼዋለሁ።

5ኛ) ለአርባው ማስታወቂያ ዳግመኛ ስመጣ መሥሪያ ቤትዎ ስላቀረበልኝ አማራጮች አመሰግናለሁ። እርስዎ ተመልሰው ነበር፤ ግን ስብሰባ ላይ ነዎት ተባልሁ። የአርባው ነገር ለእኔ ቀልድ አልነበረም። ቀብሩ አልፏል፤ ሰው በስሙ ጠርቶ የሚሰናበተው በአርባው ነው፤ ያም ካለፈ ራንጌል እንደ ባይተዋር ሄደ ማለት ነው። ምክትልዎ በትሕትና ሦስት መፍትሔ ሰጡኝ። ስሙን ትቶ “አንድ የተወደደ አባወራ” ማለት፤ ወይም በላቲን ፊደል መጻፍ፤ ወይም፣ “ቅጽል ስም የለውም? ማሽኑ የሚያውቀው?” አሉኝ። ማሽኑ የሚያውቀው ቅጽል ስም! የፊደል በዓልን ሰልፍ ወጥታ አበባ ይዛ የምታከብር ከተማ ለሟቿ ፊደል አጥታ ከባዕድ ትበደር? ኧረ በሕግ አምላክ! ደረጃውን ስወርድ በአፌ የመጣውን እዚህ አልጽፈውም፤ ደብዳቤው የአክብሮት ነውና።

ወረቀቶቹ እንደገና ሳጥናቸውን ይዘው ተለጠፉ። እኔም ለአጥር ከተረፈው ጥቁር ቀለም ወስጄ፣ ሜቶዲ የናይደንን መሰላል ተሸክሞ፣ ከዳቦ ቤቱ እስከ አውቶቡስ ማቆሚያው ድረስ በየሳጥኖቹ ላይ ራንጌል ፔንቼቭ፣ ራንጌል ፔንቼቭ እያልሁ በብሩሽ ጻፍሁ። የእጅ ጽሑፌ አያምርም፤ ቀለሙም ተንጠባጥቧል። ግን ሰው መጣ። ከታች መንደሮች ሳይቀር በሁለት አውቶቡስ መጣ። የቀቀልሁት ስንዴ አለቀ፤ መቃብሩ በአበባ ተሸፈነ፤ ክሩምና ናይደን ባርኔጣቸውን አውልቀው፣ “ዝላትካ፣ ይቅር በይን፣ እኛ ቆጥረን እንጂ አንብበን አልነበረም” አሉኝ። ሜቶዲ የጨዋታ ሰሌዳውን መቃብሩ ላይ ዘርግቶ ብቻውን ዳይ ጣለ። ካህኑም ያን ጊዜ የቀድሞ ጥያቄውን በዓይኑ ይቅርታ ጠየቀኝ።

6ኛ) በመጨረሻም ትናንት በእጄ ለደረሰኝ ደብዳቤዎ አመሰግናለሁ። ከክቡርነትዎ ቢሮ፣ በክቡርነትዎ ማተሚያ ታትሞ የወጣ ነው። “ማኅተም ያረፈበትን የመንግሥት ማስታወቂያ ያለ ፈቃድ በመደለዝ፣ ‘ራንጌል ፔንቼቭ’ የሚል ጽሑፍ በእጅ ጨምረው በመገኘትዎ” እንደምቀጣ ይገልጻል። ደጋግሜ አነበብሁት። ከሶፊያ በመጣው ፊደል፣ አንድም ሳጥን ሳይኖርበት፣ ራንጌል ፔንቼቭ! ለማልቀስ ያልተቻለው ስም ለመክሰስ ተችሏል ማለት ነው። የቀረውን ክስ ለምድጃ አድርጌ ስሙን በመቀስ ቆርጬ አወጣሁት፤ በቤቴ በር ላይ፣ ከሐዘኑ ጥቁር ጥብጣብ ሥር፣ በሳጥኖቹ ላይ ለጥፌዋለሁ። በልክ ገጠመ። ከመሥሪያ ቤትዎ የጠየቅሁት ይህንኑ ብቻ ስለነበረ አገልግሎቱን በሙሉ መረከቤን በዚህ ደብዳቤ አረጋግጣለሁ።

ለክቡርነትዎ ያለኝን፣ በማንኛውም ማሽን ሊታተም የማይችል አክብሮት እየገለጽሁ፣ እጄን ታጥቤ ፈርሜአለሁ።

የራንጌል ፔንቼቭ ሚስት
ዝላትካ ፔንቼቫ

ግልባጭ፦
ለዳቦ ቤቱ ግድግዳ
ለአውቶቡስ ማቆሚያው ምሰሶ፣ ከእንኳን አደረሳችሁ መልእክትዎ አጠገብ

ማሳሰቢያ፦ ሜቶዲም እኔም ለክቡርነትዎ ረዥም ዕድሜ እንመኛለን። ከፍቅር አይደለም። ቪዮሌታ እንደነገረችኝ የምድር ቤቱ ማሽን እስከ ዛሬ አልተሠራም፤ የይለፍ ቃሉንም ከእርስዎ በቀር የሚያውቅ የለም።